ለራዶስላቫ፣ ከማሽኑ ክፍል

ሥራሽን ያልጫንኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው ልንገርሽ በስሜ፤
ቪትስከ እባላለሁ፣ ሮተርዳም፣ ማሽን ጥበቃ ቆሜ
አሥራ ስድስት ዓመት ያለፈኝ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ምድር ቤት፣
አዳራሹ ሲያጨበጭብልሽ ሒሳቡን የያዝኩብሽ ሴት።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። ቼኩ፣ ካርቶን፣ የቁም ሣጥን በር የሚያህል፣
ትራም ውስጥ አልገባ አለ፤ ተሸክማችሁት ሄዳችሁ፣ በኩሬ መሃል።
አንቺ ከፕሎቭዲቭ፣ ቬይኮ ከኦውሉ፣ ኦግኛን ከቫርና፤
አራት ዓመት በኢሜይል አንድ ጭንቅላት ሆናችሁ ኖራችሁና፣
ፊት ለፊት የተያያችሁት መድረኩ ላይ ነው፣ ያኔ ገና።
«እንዲህ ረጅም ነህ?» አልሽው ቬይኮን፣ ቁመቱ አስደንግጦሽ፣
በጻፈልሽ ቀመር ልክ አጭርና ጥብቅ ሰው መስሎሽ።

አለቃዬ ፋይሉን ሰጠኝ፦ «ከሰኞ ጀምሮ ይሥራ።»
ከፈትኩት። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሞዴል፣ ተራ በተራ፣
አንዱ የሌላውን ስሕተት ሊያርም ጀርባው ላይ ተሰፍቶ፣
አንዱ በችኮላ ኮከብ የሚሰጡትን ብቻ ለይቶ፣
አንዱ ደግሞ ለምን እንደሚሠራ ኦግኛንም የማያውቀው፣
ሲያወጡት ግን ውጤቱ በቅንጣት የሚወድቀው።

ውብ ነበር። እምልልሻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩት፤
እንደ ጥልፍ ጀርባውን ገልብጬ ቋጠሮውን ቆጠርኩት።
ግን ሲያጌጡ ይመላለጡ ይባል የለ? የመጨረሻዋን ጭረት፣
ያቺን የአሥረኛ አሥረኛ፣ ያቺን የፀጉር ስንጣቂ እርምት
ለማግኘት ማሽኖቼ በሙሉ ሌት ተቀን ቢንገበገቡ፣
ለአንድ ከተማ ሰው ሳይበቁ፣ አዲስ ፊልሞች ደጅ ቆመው ቀሩ፣ ሳይገቡ።
ተመልካቹስ ያቺን ጭረት በምን ዓይኑ ሊያያት ነው?
አራት ነጥብ ሁለት፣ አራት ነጥብ ሦስት፣ ለሶፋው ያው ነው።

ሪፖርቴን ጻፍኩ፣ አንድ ገጽ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለቴ ነበር፣
በጨዋ ቋንቋ፦ «ወጪውና ጥቅሙ አይመጣጠንም» በሚል ነገር።
ከሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ሁለቱን ብቻ አስቀረሁ፣
የመጀመሪያዎቹን፣ ተራዎቹን፤ የቀረውን መሳቢያ ከተትሁ።
(እነዚያ ሁለቱ፣ ደስ ካለሽ፣ እስከ ዛሬም ይሠራሉ።
በመጀመሪያው ክረምት ነው የጻፍሻቸው፤ ቀኑን ያሳያሉ።)

ሌላም ነገር አለ። ስልክ። ሳንደር ቡይስ የሚሉት፣
የወደብ ክሬን ሲነዳ ኖሮ በጡረታ ያሰናበቱት፣
«ያ የጦርነት ፊልም» አለኝ፣ «ሦስት ወር ሞላው ከነፖስታው፣
ማሞቂያው ላይ ተጋድሞ፣ ባለፍኩ ቁጥር ነው የማየው።
እንደምወደው አውቃለሁ። እናንተም አውቃችኋል፤ ልክ ናችሁ።
ግን ዛሬ አይደለም። ዛሬ ደክሞኛል። የሚያስቅ ነገር አጣችሁ?»

ሠንጠረዥሽን ገለበጥኩ። የሰው ረድፍ፣ የፊልም ዓምድ፣
መቶ ሚሊዮን ኮከብ፤ «ዛሬ» የምትባል ግን የለችም አንድ።
ኮከብ የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው፣ ቁርሱን በልቶ፣ ተላጭቶ፤
ሶፋ ላይ የሚወድቀው ሌላ፣ ጫማውን እንኳ ሳይፈታ፣ ሰልችቶ።
የተሸለምሽው ለመጀመሪያው ነው። የእኔ ደንበኛ ሁለተኛው።

አሁን ዲስኩም ፖስታውም ቀርቷል፤ መጋዘኑ የብስክሌት ማቆሚያ ሆኗል፤
ሰው ጣቱን ያንሸራትታል፣ አሥር ደቂቃ አይቶ ይተዋል፤
ሲያቆም፣ ሲዘል፣ ሲያንቀላፋ ነው እኛ የምንቆጥረው፤
ውድድርሽ የጠየቀውን ማንም ዳግም አልጠየቀው።

ባለፈው ኅዳር ግን፣ የሌሊት ተራ ደርሶኝ፣ ሥራ ፈትቼ፣
መሳቢያውን ከፈትኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱንም አስነሥቼ
ለአንድ ሰው ብቻ ሥሩ አልኩ፤ ለእኔ። ማራገቢያው አጓራ፣
ክፍሉ ሞቀ፣ ሹራቤን አወለቅሁ፤
ንጋት ላይ አንድ ስም አወጡ፣ ከሰባ ሺህ ፊልም ተራ።
ሰምቼው የማላውቀው፣ ስለ ጨው ጫኝ ጀልባ፤ ትንበያው ሦስት ነጥብ ዘጠኝ።
ቤቴ ገብቼ ከነካፖርቴ አየሁት። መሃሉ ላይ አንድ ቦታ እንባ አነቀኝ፤
ምክንያቱን አልነግርሽም።

አራት ሰጠሁት።
በአንድ አሥረኛ ስተሻል፣ ራዶስላቫ።
የዚያን ሌሊት የመብራት ሒሳብ
መዝገብ ውስጥ አላስገባሁም።